«ብርቅ ተክል አልተገኘም»፦ ከግንባታ በፊት ስለሚደረግ የዕፀዋት ቅኝት የቀረበ ሒስ

ለሕንፃ፥ ለመንገድ ወይም ለሰፊ እርሻ የታሰበ መሬት ከመነካቱ በፊት ሲጠና የሚዘጋጀው ጥራዝ ብዙውን ጊዜ ወፍራም ነው። ስለ አፈሩ፥ ስለ ውሃው፥ ስለ ነዋሪው ቍጥር፥ ስለ ድምፅና ስለ አቧራ ይናገራል። ከዚህ ኹሉ መካከል ለዕፀዋት የሚሰጠው ምዕራፍ ጥቂት ገጽ ነው፤ አንድ ሠንጠረዥ፥ ሁለት ፎቶግራፍ፥ በመጨረሻም «በመሬቱ ላይ ብርቅ ወይም ለመጥፋት የተቃረበ ተክል አልተገኘም» የሚል ዐረፍተ ነገር። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ነው። በግጥምና በልብ ወለድ ላይ ሒስ እንደሚቀርብ ኹሉ፥ ዘገባም ሰው የጻፈው ጽሑፍ ነውና ቃላቱ ሊመዘኑ ይገባል። እንዲያውም ግጥም በድካም ቢጻፍ የሚጐዳው ገጣሚውን ነው፤ ይህ ዐረፍተ ነገር በድካም ቢጻፍ ግን በማግሥቱ ዶዘር ይገባበታል።

የሌላውን ጽሑፍ ከመንቀፋችን በፊት የራሳችንን መናገር ግድ ነው። ባለፈው ዓመት በጥር ወር፥ በሰሜን ሸዋ ወይና ደጋ፥ ለሕንፃ በታሰበ አንድ ገመገም ላይ በሚደረግ ቅኝት በረዳትነት ሄደን ነበር። የቦታውንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አንጠቅስም። ሁለት ቀን ተኩል ቆየን። ገመዱን የዘረጋን፥ ካስማውን የተከልን፥ በየመደቡ ውስጥ ያለውን የቈጠርን እኛ ነን። ሣሩ ደርቆ፥ የቀረውንም ከብት ግጦት፥ መሬቱ የተላጨ ራስ ይመስል ነበር። በቋጥኙ መካከል እሬት አየን፤ አበባ አልነበረውም፤ «እሬት» ብለን ጻፍን። ከላይ ጥቂት ግራር ነበረ፤ «ግራር» ብለን ጻፍን። በሦስተኛው ቀን በእኩለ ቀን መኪናው መጣና ተመለስን። ያ ዐረፍተ ነገር በዘገባው ውስጥ ሲገባ በእኛ የእጅ ጽሑፍ ከተሞላ ቅጽ ተገልብጦ ነው።

በዚያ ሰሞን ከምንጩ ውሃ ሲቀዱ ያገኘናቸው አንዲት አዛውንት ነበሩ። «ምን ጠፋባችሁ፥ ልጆቼ?» አሉን።

«ምንም አልጠፋብንም፥ እማማ፤ የበቀለውን እየቈጠርን ነው» አልናቸው።

«በጥር? በጥር ደግሞ ምን ይበቅላል? እንሶስላውም ከምንጩ ሥር ተኝቷል፤ ማገጡም የለ። በመስከረም ኑ እንጂ!»

ሥቀን አለፍን። በዘገባው ውስጥ የነዋሪውን አስተያየት የሚመለከት ምዕራፍ አለ፤ እማማ ግን በዚያ ውስጥ የሉም፤ የተጠየቁት ስለ ካሳ ብቻ ነበርና።

አሁን ወደ ዐረፍተ ነገሩ እንመለስ። ክብደቱ ያለው «አልተገኘም» በሚለው ግሥ ላይ ነው። በቋንቋችን «አልተገኘም» ስንል ሁለት ነገር ልንል እንችላለን። አንደኛው «ፈልገን አጣነው» ነው፤ ሁለተኛው «የለም» ነው። በሬው የጠፋበት ገበሬ «አልተገኘም» ቢል በሬው የለም ማለቱ አይደለም፤ እንዲያውም ነገ ሊፈልገው ይነሣል። የቅኝት ዘገባ ግን ቃሉን በመጀመሪያው ትርጕም ይጽፈዋል፥ በሁለተኛው ትርጕም ያስነብበዋል። ጸሓፊው ቢጠየቅ «እኔ አልተገኘም አልኩ እንጂ የለም አላልኩም» ብሎ ያመልጣል። ፈራሚው ባለ ሥልጣን ግን ያነበበው «የለም» ተብሎ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት አንድን ገመገም ለመዋጥ ይበቃል።

ክፍተቱ የሚጠበው አንባቢው ሦስት ነገሮችን ሲያውቅ ነው፤ ማን ፈለገ፥ መቼ ፈለገ፥ ምን ያህል ፈለገ። ስለ «ማን» ዘገባዎቹ በአባሪ ላይ የትምህርት ማስረጃ ይለጥፋሉ። ስለ «ምን ያህል» የመደቡን ስፋትና ቍጥር ያስቀምጣሉ። «መቼ» ግን ብዙ ጊዜ በሽፋኑ ላይ ካለው የኅትመት ወር በቀር አይገኝም። እኛ ከኹሉ የሚከብደው ይህ ነው እንላለን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሥነ ሕይወት መምህራችን በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ቅጠል ማድረቅ ሲያስተምሩን «ቀን ያልተጻፈበት ቅጠል ድርቆሽ ነው» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ የተግሣጽ ቀልድ መስሎን ነበር።

በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንበው ዝናም የሚበቅለው ትንንሽ ተክል እጅግ ብዙ ነው። የዱር ማገጡ፥ አደይ አበባው፥ ከሽንኵርት መሰል ሥር የሚነሣው አበባ ኹሉ በመስከረምና በጥቅምት ታይቶ ከዚያ በኋላ ወይ ይደርቃል፥ ወይ ወደ መሬት ውስጥ ገብቶ ይተኛል። እንሶስላም እንዲሁ ነው፤ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት ሥሩ ከመሬት በታች ሲቈይ፥ ግንዱና ቅጠሉ በበጋ አይታይም። እንሶስላ ብርቅ አይደለም፤ ግን እንሶስላን ያላየ ቅኝት ሌላውንም በዚያው ጠባይ የሚኖረውን ኹሉ አላየም።

ታዲያ ለምን በጥር ይኬዳል? ምክንያቱን ብንፈልግ ከዕፀዋት ትምህርት ውስጥ አናገኘውም፤ ከሒሳብ ክፍል ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ገንዘቡ እስኪፈቀድ፥ ጨረታው እስኪወጣ፥ ውሉ እስኪፈረም መስከረምና ጥቅምት ያልፋሉ። መኪናም በክረምት ጭቃ አይገባም። ስለዚህ ባለሙያው ሜዳ ላይ የሚደርሰው መንገዱ ሲደርቅ ነው፤ መንገዱ ሲደርቅ ደግሞ አበባውም ደርቋል። ይህን ማንም ሰው ተንኰል አስቦ አላደረገውም። ቢኾንም በአገሪቱ በየዓመቱ እንደዚህ የሚደጋገም ስሕተት የአንድ ሰው ጥፋት ካልኾነ፥ የሥርዐቱ ጥፋት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የምንነቅፈው ስለ ስም ነው። እኛ በቅጹ ላይ «እሬት» ብለን ጻፍን። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዐይነቶች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሌላ አገር የሉም። አንዳንዶቹ የታወቁት ከጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ ስማቸውን ከደብረ ብርሃን ያገኘ አሎዬ ዴብራና፥ ከያቤሎም ያገኘ አሎዬ ያቬላና አሉ። እነርሱን ለመለየት አበባው ያስፈልጋል። በጥር አበባ የሌለውን እሬት «እሬት» ብሎ መጻፍ በሕዝብ ቈጠራ ላይ «ሰው» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ምንም አልነገረንም። «ግራር» የሚለውም ስም ብዙ ዛፎችን ያጠቃልላል። «ማገጥ» ደግሞ በአገራችን ከ20 የሚበልጡ ዐይነቶች ያሉት ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅሉ አሉ። አደይ አበባም ቢኾን ሕዝቡ በአንድ ስም የሚጠራቸው ተመሳሳይ ቢጫ አበቦች ከአንድ በላይ ናቸው።

የአገሩን ስም ንቀን የላቲኑን ብቻ እንጻፍ ማለታችን አይደለም። ወልደ ሚካኤል ቀለቻ የኢትዮጵያን ዕፀዋት ስሞች ሰብስበው ያዘጋጁት መዝገብ፥ አራተኛው ዕትሙ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1987 የወጣ፥ እስካሁን ከእጃችን የማይለይ መጽሐፍ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት የኢትዮጵያ ካልተባሉ በቀር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የምንለው፥ ስሙ የሚያልቅበት ቦታ እንዲነገረን ነው። «እሬት፤ አበባ ስላልነበረው ዐይነቱ አልተለየም» ብሎ መጻፍ የሚፈጀው ግማሽ መሥመር ነው። ያ ግማሽ መሥመር ቢኖር ኖሮ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በወረቀቱ ላይ ሊጻፍ ባልቻለም ነበር። ምናልባት የማይጻፈውም ስለዚህ ይኾናል።

ስለ መጻሕፍቱም ጥቂት እንበል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ስላሉት ዕፀዋት የተዘጋጀው ታላቁ ሥራ፥ ማለት «ፍሎራ» እየተባለ የሚጠራው፥ በ1980 ተጀምሮ፥ የመጀመሪያው ጥራዝ በ1989 ታትሞ፥ በ2009 በስምንተኛው ጥራዝ ተፈጸመ። ኢንጋ ሄድበርግ፥ ሱ ኤድዋርድስ፥ ሰብስቤ ደምሰውና ሌሎችም አዘጋጆች ሠላሳ ዓመት ያህል የደከሙበት ነው። ወደ 6000 የሚጠጉ ዕፀዋት፥ ከእነርሱም ከመቶ ዐሥር ያህሉ በአገሩ ብቻ የሚበቅሉ፥ በዚህ ሥራ መልክ አግኝተዋል። የፀሓይ አበባን ወገን የያዘውን ክፍል መስፍን ታደሰ ጽፈው በ2004 አውጥተዋል፤ አደይ አበባን በስሙ ለመጥራት የሚሻ ኹሉ በእርሳቸው በር ማለፍ አለበት። ይህን ሥራ ማድነቅ ለእኛ ለተማሪዎች አይበቃም።

ግን የፍሎራው የቦታ አመላለክት ለቅኝት ሰው ወጥመድ አለበት። መጽሐፉ አንድ ተክል የሚገኝበትን ስፍራ የሚናገረው በቀድሞዎቹ ጠቅላይ ግዛቶች ላይ በተመሠረቱ ሰፋፊ ክፍሎች ነው፤ «የሸዋ ደጋ» እንደ ማለት። በሸዋ ደጋ መኖሩ ከታወቀ በየትኛው ገመገም እንደ ኾነ መጽሐፉ አይነግረንም፤ ሊነግረንም አልተጻፈም። በዘገባ ጸሓፊዎች ዘንድ ግን ሁለት ዐይነት አጠቃቀም እንሰማለን። አንዱ «ይህ ተክል በሸዋ በሰፊው ይገኛልና እዚህ ቢጠፋ አይጐዳም» ይላል፤ ሌላው «ከሸዋ አልተመዘገበምና እዚህ ሊኖር አይችልም» ይላል። ሁለቱም መጽሐፉን ካርታ አድርገውታል። መዝገቡ የተሠራው ሰብሳቢዎች በሄዱበት መንገድ ነው፤ ያልሄዱበት ባዶ ኾኖ የቀረው ተክል ስለሌለ ሳይኾን ሰብሳቢ ስላልደረሰ ሊኾን ይችላል።

በ2005 የወጣው፥ ቪቬሮ፥ እንሰርሙ ቀልቤሳና ሰብስቤ ደምሰው ያዘጋጁት ለመጥፋት የተቃረቡ ተክሎች ዝርዝርም አለ። ጠቃሚ ነው፤ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ግን በአገሩ ብቻ የሚበቅሉ ዛፎችንና ቍጥቋጦዎችን ብቻ ይመለከታል። ዘገባው ይህን ዝርዝር ብቻ ይዞ «በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ተክል አልተገኘም» ሲል፥ ስለ ሣሩ፥ ስለ ማገጡ፥ ስለ ሽንኵርት መሰሉ ኹሉ ምንም አላለም። እንጨት ያልኾነውን ኹሉ ሳይጠይቅ አሰናብቶታል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ መደናገር አለ። ዘገባዎች «በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል» የሚለውንና «ብርቅ» የሚለውን እንደ አንድ ነገር ይይዛሉ። ብርብራና ቆርች በአገራችን ብቻ የሚገኙ ዛፎች ናቸው፤ ቢኾንም ብርብራው ለቡና ጥላ፥ ቆርቹ ለአጥር እየተተከለ በብዙ ቦታ ይታያል። በሌላ ወገን የሂብ የተባለው የኦጋዴን ቍጥቋጦ በሶማሊያም ስለሚገኝ የእኛ ብቻ አይባልም፤ ግን ፍሬው እየተለቀመ፥ ቅጠሉ እየተጋጠ፥ በእጅጉ እየተመናመነ የሄደ ተክል ነው። በሠንጠረዡ ላይ ብርብራው ኮከብ ይደረግበታል፤ የሂብ ኮከብ የለውም። ኮከቡን የሚያነበው ሹም ምን ይረዳ?

አሁን ወደ ቍጥሩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ የክፍል ጓደኞቻችን ቢቈጡን አይገርመንም፥ ኹላችንም ፈተና የተፈተንበት ነውና። ዘገባዎች የቦታውን የዕፀዋት ብልጽግና በሻነን ቀመር አስልተው ያቀርባሉ። ቀመሩ የዐይነቶቹን ብዛትና የስርጭታቸውን እኩልነት ይለካል፤ ተክሉ ማን እንደ ኾነ ግን አይጠይቅም። ሦስት ዐይነት ተክል በእኩል ቍጥር የሚገኙበት ቋጥኛማ ገመገም 1.10 ያገኛል። ዐሥር ዐይነት አረም በእኩል ቍጥር የበቀለበት የመንገድ ዳር 2.30 ያገኛል። ሦስቱ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ቢኾኑ፥ ዐሥሩም ከአሜሪካ የመጡ ቢኾኑ፥ ቀመሩ ለመንገድ ዳሩ ዕጥፍ ነጥብ ይሰጠዋል። ከዚያም «ቦታው ዝቅተኛ ብዝኀነት ያለው በመኾኑ» ተብሎ ገመገሙ ይፈረድበታል። ቀመሩ ጥፋት የለበትም፤ የተጠየቀውን መልሷል። ያጠፋው ጠያቂው ነው።

ስለ አረም የተነሣን ስለ ኾነ፥ የምዕራፉ ሌላው ግማሽ፥ ማለት ወራሪ ተክሎችን የሚመለከተው፥ ከብርቁ ይልቅ ባዶ ነው። ብዙ ጊዜ «በቦታው ላይ ወራሪ አረም አልታየም» ተብሎ ያልፋል፤ እንደ መልካም ዜናም ይነበባል። ነገር ግን ጥያቄው በቦታው ላይ አለ ወይ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ይዞት ይመጣል ወይ ነው። ወራሪ ተክል በአብዛኛው በሰው ሥራ ላይ ተሳፍሮ የሚጓዝ ነው። ቅንጨ አረም በእኛ አገር መጀመሪያ እንደ ተመዘገበ የሚነገረው በ1988 በድሬዳዋና በደሴ አካባቢ፥ የርዳታ እህል በሚታደልባቸው ቦታዎች አጠገብ ነው፤ ከዚያ በፊት በሶማሊያ ጦርነት ዘመን ከተሽከርካሪ ጋር ገባ የሚሉም አሉ። በእህልም ይምጣ በጎማ፥ የሰው ዕቃ ነው ያመጣው። አንዱ ተክል ከ10,000 የሚበልጥ ፍሬ ይሰጣል፤ በአሸዋ፥ በጠጠር፥ በመኪና ጭቃ ይጓዛል፤ የሰውን ቆዳ ያሳክካል፥ ከብት ቢበላው ወተቱን ያመርራል። በኦሮምኛ «ፈረምሲሳ» ይሉታል፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ የሚያሰኝ ነው ማለት ነው። ከማናቸውም ሠንጠረዥ ይልቅ ይህ ስም ዘገባ ይመስለናል።

በአፋር የተዛመተውን እሾሃማ ዛፍ፥ ፕሮሶፒስን፥ የአገሩ ሰው «ደርጊ ሃራ» ይለዋል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ስሙ የመጣበትን ዘመን ይነግረናል። የመጣውም በስሕተት አልነበረም፤ አፈር እንዲጠብቅና ጥላ እንዲኾን ታስቦ በልማት ስም ተተከለ። በ2019 የታተመ ጥናት በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደ ያዘ ገምቷል። እምቦጭ በ1965 በቆቃ የግድብ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ እንደ ታየ ተመዝግቧል፤ በጣና በይፋ የታወቀው በ2011 ነው። የወፍ ቆሎ ደግሞ ለጌጥ አጥር እየተባለ ዛሬም በየግቢው ሲተከል እናያለን፤ ከአንዳንድ የግንባታ ዕቅድ ውስጥ «አካባቢውን ለማስዋብ» በሚለው አንቀጽ ሥር ቢገኝ አይገርመንም። አንድ ዘገባ በገጽ አንድ ላይ ወራሪ የለም ብሎ፥ በሌላ ገጽ ወራሪ እንዲተከል ሊያዝ ይችላል ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር የጃፓን ኖትዊድ የተባለው ተክል በ1981 በወጣ ሕግ በዱር እንዳይተከል ተከልክሏል፤ ሥሩ ያለበት አፈርም እንደ ተራ አፈር በፈለጉበት አይደፋም። ስለዚህ በዚያ አገር ግንበኛ መሬት ሳይቈፍር ስለ ተክሉ የሚጠይቀው ተፈጥሮን ስለሚወድ ሳይኾን ኪሱን ስለሚፈራ ነው። እኛ ዘንድ ቅንጨ አረም ያለበትን ጠጠር ከቈላ ወደ ወይና ደጋ የሚያመላልስ መኪና የሚጠይቀው የለም።

ስለ ሕጉ የምንለው አጭር ነው። በ1995 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ፥ ቍጥር 299፥ ጥናቱን የሚያስጠናው የሥራው ባለቤት በራሱ ወጪ እንዲኾን፥ ዘገባውም ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት አዝዟል። አስተያየት ይሰጥበት የተባለው ጽሑፍ ግን እማማ በማያነቡት ቋንቋ ከተጻፈ፥ ሊሠራ የሚፈልገውም ሰው ለቈጣሪው የሚከፍል ከኾነ፥ ቈጣሪው ምንም ያህል እውነተኛ ቢኾን፥ በሁለተኛ ወቅት ልመለስ ብሎ መጠየቁ በራሱ እንጀራ ላይ ውሃ መድፋት ይኾንበታል። ልብ የሚያሳዝነው ይህ ነው፦ የፍሎራው ሥራ ሲጀመር መሪው የነበሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፥ አዋጁ ሲወጣም የአካባቢ ጥበቃ ባለ ሥልጣኑን ይመሩ ነበር። ዕፀዋቱን የሚቈጥረው መጽሐፍና ዕፀዋቱ ይቈጠሩ የሚለው ሕግ በአንድ ሰው እጅ አልፈዋል። በዘገባዎቹ ገጽ ላይ ግን ሁለቱ እምብዛም አይተዋወቁም።

ቅኝት በትክክል ሲደረግ ምን እንደሚኾን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከሩቅ አገር እንጥቀስ። በአሜሪካ በሜይን ግዛት በሴንት ጆን ወንዝ ዳር ኬት ፈርቢሽ የተባለች የዕፀዋት ሠዓሊ በ1880 አንድ ትንሽ ቢጫ አበባ አገኘች፤ በስሟም ተጠራ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በ1976 በወንዙ ላይ ዲኪ-ሊንከን የተባለ ግድብ ሊሠራ ታስቦ መሬቱ ሲጠና፥ ቻርልስ ሪቻርድስ የተባሉ የዕፀዋት ምሁር ያን አበባ እንደገና አገኙት። በ1978 ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር ተመዘገበ። ግድቡም በመጨረሻ አልተሠራም፤ ይህን ያደረገው አበባው ብቻ ነው የሚለውን ግን አንቀበልም፥ የወጪውና የሌላውም ተቃውሞ ነገር ነበረበትና። ለእኛ ትምህርት የሚኾነው ሌላ ነው። «ጠፍቷል» ተብሎ የተጻፈው ተክል ተገኘ፤ የተገኘውም የሚያውቁት ሰው ስለ ሄዱ፥ ወንዙ ዳር ላይ ስለ ፈለጉ፥ የሚፈልጉትም በስሙ ስለ ነበረ ነው። «አልተገኘም» የሚለው ቃል በዚያ ወንዝ ዳር እንደ ጊዜያዊ ቃል ተነበበ።

ይህን ሐሳብ ለአንድ መምህራችን ባቀረብን ጊዜ «አገሪቱ ቤት ያስፈልጋታል፤ እናንተ ለአንድ ቍና ማገጥ ብላችሁ ግንባታ ልታስቆሙ ነውን?» አሉን። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። ከመካከላችን በጠባብ የኪራይ ቤት ስድስት ሰባት ኾነው የሚኖሩ አሉና ቤት እንደሚያስፈልግ ከሌላው አንማረውም። ነገር ግን ቅኝት ግንባታን የሚያስቆም አድርጎ ማየቱ ራሱ ዘገባዎቹን ያበላሸ አስተሳሰብ ይመስለናል። ጸሓፊው «ካገኘሁ አስቆማለሁ» ብሎ ስለሚፈራ ላለማግኘት ይሄዳል። ቢያገኝ ግን ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሥረ ድንቹ ተነቅሎ ይዛወራል፥ ዘር ይሰበሰባል፥ አጥሩ ከምንጩ ትንሽ ይርቃል፥ ጠጠሩ ከየት እንደ መጣ ይጠየቃል። የእኛ ገመገም ላይ ቤቶቹ በሌላው ጐን ቢሠሩ ኖሮ አንድም ክፍል አይጐድልም ነበር። ይህን የምንለው አሁን ቦታውን ስላየነው ነው፤ በጥር አናውቅም ነበር።

በዚህ ዓመት በመስከረም አጋማሽ ተመልሰን ሄድን። ማንም አልላከንም፤ የአውቶቡሱንም ከኪሳችን ከፈልን። ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ የገመገሙ ግማሽ ተቈርጧል። ዘበኛው ደግ ሰው ነበሩና አስገቡን። በላይኛው ጐን የተከመረው ጠጠር ላይ ቅንጨ አረም በቅሏል፤ አንዳንዱም አብቧል፤ በጥር በዚያ ቦታ አንድም አልነበረም፤ ለዚህ የራሳችን ቅጽ ምስክር ነው፥ ይህን ክፍል እንኳ በትክክል ሞልተነው ነበርና። እሬቱ የነበረበት ቋጥኝ ተነሥቷል፤ ስለዚህ የትኛው እሬት እንደ ነበረ ከእንግዲህ ማንም አያውቅም። ከምንጩ ሥር ባለችው ቀሪ መሬት ላይ እንሶስላው ጕልበት ድረስ አድጎ አብቦ አገኘነው። በዙሪያው ያለው ሣር በማገጥ ተሞልቶ ነበር።

እማማንም አገኘናቸው። «መጣችሁ?» አሉን እንጂ ሌላ አልጨመሩም። ማገጡን አንድ በአንድ እያነሡ፥ ይህ ለንብ ነው፥ ይህ በሬ ሲበላው ይነፋዋል፥ እያሉ በየስሙ ነገሩን፤ እኛ በአንድ ስም የጠራነውን እሳቸው በአራት ይጠሩታል። ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ግንድ ከነሥሩ ነቅለን በጋዜጣ መካከል አደረቅን። ሦስቱን በፍሎራው ሦስተኛ ጥራዝ መለያ ቍልፍ ለየናቸው፤ አንዱ በኢትዮጵያ ብቻ እንደሚገኙ ከተመዘገቡት ነው። አራተኛው በቍልፉ ላይ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለት ጊዜ የተለያየ ቦታ ላይ ጥሎናል፤ ፍሬው በስሎ ስላላገኘነው ይመስለናል። ወረቀቱ በትምህርት ክፍላችን ሣጥን ውስጥ ነው፤ የላቲኑ ስም ባለበት ቦታ እማማ የነገሩንን ስም በእርሳስ ጽፈን፥ ከታች ቀኑንና ቦታውን ጨምረንበታል። ፍሬውን ለመልቀም በጥቅምት መጨረሻ እንሄዳለን፤ ዘበኛው እስከዚያ ድረስ ምንጩ ዳር እንደማይነካ ከሠራተኞቹ መስማታቸውን ነግረውናል።